ከቤት እስከ ፌርማታ፤ በሕዝብ ማመላለሻ መሄድ ለጤና ስለሚሰጠው ጥቅም

የሰው ጤና የሚጠበቀው ሐኪም ቤት በመሄድና መድኃኒት በመዋጥ ብቻ አለመሆኑ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። የሚበላው ምግብ፣ የሚጠጣው ውሃና የሚያድርበት ቤት ለጤናው መሠረት እንደ ሆኑ ሁሉ፣ በየቀኑ ከቤቱ ወደ ሥራው፣ ከሥራውም ወደ ቤቱ የሚመላለስበት ሁኔታ በሰውነቱ ላይ የራሱን ውጤት ያስከትላል። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት የሚቀረው ጉዞው የዘወትር ልማድ በመሆኑ ነው። ነገር ግን በዓመት ውስጥ ከሁለት መቶ ቀን በላይ የሚደጋገም ነገር ለአንድ ቀን ሲያዩት ትንሽ ቢመስልም፣ ዓመታት ሲጠራቀሙ ጤናን ሊያቆም ወይም ሊያፈርስ የሚችል ኀይል ይሆናል። አባቶች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ቃል ለዚህ ነገር የሚስማማ ነው።

በከተማ የሚኖር ሰው ገቢው ሻል ሲልለት አስቀድሞ ከሚመኛቸው ነገሮች አንዱ የራሱ አውቶሞቢል ነው። በአውቶቡስና በታክሲ መሄድ ግን በብዙ ሰው ዘንድ አቅም ያጣ ሰው የሚታገሠው ችግር ሆኖ ይታያል። ስለ ምቾት ከሆነ ይህ አስተያየት ምክንያት የሌለው አይደለም። ስለ ጤና ሲመረመር ግን ነገሩ በሌላ መልክ ይገኛል። በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ ምርመራዎች እንደሚያስረዱት፣ በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄደው ሰው በገዛ አውቶሞቢሉ ከሚሄደው ይልቅ ክብደቱ የተመጠነና ሰውነቱ የሚንቀሳቀስ ሆኖ ይገኛል። የዚህም ምክንያቱ ያለው በአውቶቡሱ መቀመጫ ላይ ሳይሆን ከቤት እስከ ፌርማታ ባለው መንገድ ላይ ነው። ጥቅሙም በሙሉ የሚገኘው ያ መንገድ ለእግረኛ የሚመች ሲሆን ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ ተሳፋሪውን ብቻ ሳይሆን የከተማ አስተዳዳሪዎችንም በቀጥታ ይመለከታል።

የሎንዶን አውቶቡስ ሠራተኞች ምስክርነት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር የልብ በሽታ እየበዛ በመሄዱ፣ ጄሪ ሞሪስ የተባለው ሐኪምና የሥራ ባልደረቦቹ ምክንያቱን ለማወቅ ምርመራ ጀመሩ። ከመረመሯቸውም ሰዎች መካከል ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 64 ዓመት የሆነ፣ ቍጥራቸው ወደ 31 ሺህ የሚጠጋ የሎንዶን ማመላለሻ ሠራተኞች ይገኙ ነበር። ከነዚህም ውስጥ ዋነኞቹ የባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችና ቲኬት ቆራጮች ናቸው።

የሁለቱ ሠራተኞች ኑሮ ተቀራራቢ ነበር። በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ በአንድ አውቶቡስ ይሠራሉ፤ አንድ ዓይነት አየር ይተነፍሳሉ። ጎልቶ የሚታየው ልዩነታቸው ሾፌሩ አብዛኛውን የሥራ ሰዓት ተቀምጦ ሲያሳልፍ፣ ቲኬት ቆራጩ ከታችኛው ፎቅ ወደ ላይኛው ሲመላለስ በቀን ከ500 እስከ 750 የሚደርስ ደረጃ መውጣቱ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ውጤት እንዳስረዳው፣ የልብ ደም ሥር በሽታ በቲኬት ቆራጮቹ ላይ ከሾፌሮቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በሽታው የደረሰባቸውም ቢሆኑ፣ ዘግየት ባለ ዕድሜ የሚደርስና ለሞት የማድረስ ኀይሉ ያነሰ ነበር።

በዚህ ነገር ላይ ጥርጣሬ ሊነሣ ይችላል፤ ይኸውም፣ ምናልባት ገና ሲቀጠሩ ወፈር ያሉት ሰዎች ሾፌርነቱን መርጠው እንደ ሆነስ የሚል ነው። ሞሪስም ይህን አልዘነጋም። የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ መዝገብ አስመጥቶ የሱሪያቸውን የወገብ ልክ ቢያስተያይ፣ ሾፌሮቹ በእርግጥ ከቲኬት ቆራጮቹ የሚበልጥ ወገብ ያላቸው ሆነው አገኛቸው። ነገር ግን የወገባቸው ልክ ተመሳሳይ የሆኑትን ለብቻ ለይቶ ባነጻጸረ ጊዜም ልዩነቱ አልጠፋም። ከዚህም ሌላ፣ ደብዳቤ በእግርና በብስክሌት የሚያድሉት የፖስታ ሠራተኞች ተቀምጠው ከሚሠሩት የመንግሥት ሠራተኞች ይልቅ ከዚሁ በሽታ የተጠበቁ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ሰውነትን ማንቀሳቀስ ልብን እንደሚጠብቅ ለማስረዳት መሠረት ከሆኑት ምርመራዎች አንዱ የተወለደው በአውቶቡስ ውስጥ ነው ለማለት ይቻላል። ሞሪስም ራሱ በምርምሩ ያገኘውን በኑሮው እየፈጸመ ኖሮ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. በ99 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ።

ተሳፋሪው ሳያስበው የሚያገኘው እንቅስቃሴ

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሰው ሁሉ ቲኬት ቆራጭ ይሁን ማለት አይደለም። በገዛ አውቶሞቢሉ የሚሄደው ሰው ግን ከሾፌሩ ጋራ አንድ ዓይነት ኑሮ እንደሚኖር መገንዘብ ያስፈልጋል። ከቤቱ በር ላይ ይቀመጣል፤ ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ይነሣል፤ ከዚያም ገብቶ በወንበሩ ላይ ይቀመጣል። በአውቶቡስ የሚሄደው ሰው ደግሞ ከቤቱ እስከ ፌርማታው፣ ከወረደበትም እስከ ሥራው ድረስ በእግሩ ይሄዳል፤ ደረጃ ይወጣል፤ ይቆማል፤ ሲመለስም ይህንኑ ይደግማል።

ይህ መጠኑ ምን ያህል እንደ ሆነ በአሜሪካ ተመርምሯል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ በሕዝብ ማመላለሻ ከሚሄዱት ሰዎች መካከል ግማሾቹ ወደ ፌርማታና ከፌርማታ ብቻ በቀን 19 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ በእግራቸው እንደሚሄዱ ታውቋል። ከመቶ 29 የሚሆኑትም 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይሄዳሉ።

የዓለም የጤና ድርጅት ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልገው ይመክራል። ይህን ምክር ከዕለት ጉዞ ጋራ ማስተያየት ይጠቅማል። አንድ ሠራተኛ ጠዋት ከቤቱ እስከ ፌርማታ 10 ደቂቃ፣ ከወረደበት እስከ መሥሪያ ቤቱ 5 ደቂቃ ቢሄድ፣ ማታ ሲመለስም እንዲሁ ቢያደርግ፣ በቀን 30 ደቂቃ ይሆናል፤ በአምስት የሥራ ቀን 150 ደቂቃ ይሞላል። እርምጃውን ፈጠን ካደረገው፣ ለዚህ ብሎ ገንዘብ ሳያወጣ፣ የተለየ ልብስ ሳይለብስ፣ የተለየም ጊዜ ሳይመድብ ለጤና የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ መጠን ፈጸመ ማለት ነው።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነውም እንደሚከተለው ነው። የእግር ጡንቻዎች በሚሠሩበት ጊዜ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ስበው ለኀይል ይጠቀሙበታል፤ በዚህም ምክንያት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድል ይቀንሳል። ልብ በየቀኑ ጥቂት ሲሠራ እየጠነከረ ይሄዳል፤ የደም ሥሮችም ልስላሴያቸውን ስለሚጠብቁ የደም ግፊት እንዳይበረታ ይረዳል። የተመገቡትም ምግብ ስብ ሆኖ ከመከማቸት ይልቅ በሥራ ላይ ይውላል።

ውጤቱ በክብደት ላይም ታይቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በታተመ፣ ከ7 ሺህ በላይ ሰዎችን በተመለከተ ጥናት፣ በሕዝብ ማመላለሻ ወደ ሥራ የሚሄዱ ወንዶችና ሴቶች በራሳቸው አውቶሞቢል ከሚሄዱት ይልቅ ከቁመታቸው ጋራ ሲመዛዘን ክብደታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ቀደም ብሎም ሻርሎት በተባለችው የአሜሪካ ከተማ ቀላል የከተማ ባቡር ከመከፈቱ በፊትና በኋላ የዚያው ሰፈር ሰዎች ተጠይቀው ነበር። በባቡሩ መሄድ የጀመሩት ሰዎች፣ ካልጀመሩት ጋራ ሲተያዩ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 3 ኪሎ ያህል ክብደት የቀነሱ ሆነው ተገኝተዋል። በባቡሩ የሄዱት ሰዎች ቍጥር ብዙ ባይሆንም፣ አንዱን ሰው ከሌላው ጋራ ብቻ ሳይሆን ራሱን ከቀድሞው ሁኔታው ጋራ ያስተያየ በመሆኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በእግሩ ለሚሄደው ሕዝብስ?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በኢትዮጵያ ከተሞች ብዙው ሕዝብ ዱሮውንም በእግሩ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ነገር ምን ይጠቅመዋል የሚል ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ዕቃ ተሸክማ ሁለት ሰዓት የምትሄድ እናት የሚያስፈልጋት እንቅስቃሴ ሳይሆን ዕረፍት ነው፤ ለእርሷ አውቶቡስ የሚሰጠው ጥቅም ድካምን ማቅለልና ሐኪም ቤት፣ ገበያና ትምህርት ቤት በጊዜ ማድረስ ነው። ሐኪም ቤት ቀርቦ እንኳ መድረሻ ከሌለ እንደ ሩቅ ይቆጠራልና፣ ይህም ራሱ ትልቅ የጤና ጥቅም ነው።

ሆኖም የከተማ ኑሮ በአንድ ሁኔታ ላይ የቆመ አይደለም። ገበሬው ወይም የእጅ ሥራ ሠራተኛው አባት ልጁን አስተምሮ ለጽሕፈት ሥራ ሲያበቃው፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ደመወዙም ሲጨምር ከበሩ ላይ አንሥቶ ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ በሚያወርደው ባጃጅ ወይም በገዛ መኪናው መሄድ ይጀምራል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ በየከተማው እየተሰማ የመጣው ከሌሎች ምክንያቶች ጋራ በዚህ የኑሮ ለውጥ ነው። አባቱ በግድ ያደርገው የነበረውን የእግር መንገድ ልጁ በፈቃዱ ካልጠበቀው በቀር፣ የኑሮ መሻሻል ጤናን ነጥቆ ሊሄድ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው አውቶቡስና የከተማ ባቡር መካከለኛ መንገድ ናቸው፤ ሩቁን ያቀርቡለታል፣ አጭሩን ግን ለእግሩ ይተዉለታል።

በአዲስ አበባ በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ባቡሩ ሲከፈት አንዱ መስመር ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ፣ ሌላው ከአያት ወደ ጦር ኀይሎች የሚወስድ ነበር። ባቡር እንደ ባጃጅ በየሰው በር አይቆምምና፣ ተሳፋሪው ወደ ጣቢያው መሄድና ብዙ ጊዜም ደረጃ መውጣት ግዴታው ነው። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በተጀመረውና «መንገድ ለሰው» በተባለው ቀንም፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተወሰኑ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ሕዝቡ በእግሩ እንዲሄድባቸውና ሰውነቱን እንዲያፍታታባቸው መደረጉ፣ ጎዳና ከመኪና ማለፊያነት ሌላ የጤና ቦታ ሊሆን እንደሚችል ያሳየ ነው።

ስለ አእምሮ ዕረፍት

ጤና የሥጋ ብቻ አይደለም። መኪና የሚነዳ ሰው በተጨናነቀ መንገድ ላይ ዓይኑንና እጁን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ማሳረፍ አይችልም፤ ጡሩምባው፣ የመንገዱ መዘጋት፣ የማቆሚያ ቦታ ፍለጋ ሁሉ በእርሱ ላይ ነው። ተሳፋሪው ግን ይህን ሐሳብ ለሾፌሩ ትቶ ጋዜጣ ሊያነብ፣ ከጎረቤቱ ጋራ ሊጨዋወት ወይም ዝም ብሎ ሊያርፍ ይችላል። በእንግሊዝ አገር 18 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለና በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ በእግር፣ በብስክሌትና በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄዱት መኪና እየነዱ ከሚሄዱት ይልቅ የተሻለ የአእምሮ ደኅንነት እንዳላቸው ገልጿል።

ማኅበራዊ ጥቅሙም የሚናቅ አይደለም። ሽማግሌ ሲገባ ወጣቱ «ኖር» ብሎ ከመቀመጫው የሚነሣበት፣ ሽማግሌውም «በእግዜር» ብሎ የሚመርቅበት፣ ልጅ ያዘለችውን እናት ዕቃዋን የሚቀበልበት ልማድ በአውቶቡስ ውስጥ ይኖራል። ብቻውን በመኪናው ውስጥ ተዘግቶ የሚሄድ ሰው ይህን አያገኝም።

ስለ አየርና ስለ መንገድ አደጋ

60 ሰው የያዘ አንድ አውቶቡስ በመንገድ ላይ ሲያልፍ፣ እነዚያው ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በአውቶሞቢል ቢሄዱ 30 አውቶሞቢል ያስፈልግ ነበር። የ30 ሞተር ጭስ በደንብ ከተያዘ የአንድ አውቶቡስ ሞተር ጭስ ጋራ ሲተያይ የትኛው የከተማውን አየር እንደሚያበላሽ ግልጽ ነው። አሮጌና ጥቁር ጭስ የሚተፋ አውቶቡስ ግን ይህን ጥቅም ይቀንሰዋልና፣ የሞተር ምርመራ ችላ ሊባል አይገባውም።

የመንገድ አደጋም እንዲሁ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. አስታውቋል። በአዲስ አበባም በዚህ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ በመኪና ውስጥ ያሉት ሳይሆኑ እግረኞች ናቸው። በመንገድ ላይ የመኪና ብዛት ሲቀንስ የሚጠቀመው እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ እግረኛው ነው።

ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳቶች

ጥቅሙን ብቻ ተናግሮ ጉዳቱን መደበቅ እውነተኛ ምክር አይሆንም። ረጅም ሰልፍ፣ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ አውቶቡስ፣ ከልክ በላይ መጨናነቅና በመጨናነቁ ውስጥ በሴቶች ላይ የሚደርሰው ትንኮሳ፣ ከላይ የተነገረውን የአእምሮ ዕረፍት ሁሉ ሊያጠፉት ይችላሉ።

ሌላው ነገር በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ብዙ ጫና ካደረሰባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት። የዚህ በሽታ ተዋሲያን በሽተኛው ሲያስልና ሲናገር ወደ አየር ይወጣሉ፤ በተዘጋ ቦታም ለሰዓታት ሊቆዩ ይችላሉ። መስኮት ሲከፈት ግን አየሩ ስለሚለወጥ ተዋሲያኑ ይበተናሉ። እንዲህም ሆኖ ሳለ በታክሲና በአውቶቡስ ውስጥ አንዱ መስኮት ሲከፍት ሌላው «ንፋስ ይመታኛል» እያለ የሚዘጋበት ክርክር የዘወትር ነው። በመስኮት የሚገባ ንፋስ የሳንባ ነቀርሳ አያመጣም፤ የተዘጋ መስኮት ግን በሽታው እንዲተላለፍ ምቹ ሁኔታ ይፈጥራል። ብርድ የሚፈራ ሰው ነጠላውን ወይም ጋቢውን ደረብ ቢያደርግ፣ የሚያስለውም ሰው አፉን ቢሸፍን፣ መስኮቱን ከመዝጋት ይሻላል።

የከተማ አስተዳደር ድርሻ

ከላይ እንደ ተገለጠው የጤናው ጥቅም የሚገኘው ከቤት እስከ ፌርማታ ባለው መንገድ ላይ ከሆነ፣ ያንን መንገድ ማስተካከል የጤና ጥበቃ ሥራ እንጂ የውበት ሥራ ብቻ አይደለም። በተለመደ እርምጃ 400 ሜትር መንገድ በ5 ደቂቃ ገደማ ይሄዱታል። ፌርማታው በዚህ ርቀት ላይ ቢሆንም፣ መካከሉ ላይ ክዳኑ የተነሣ ቦይ ካለ፣ የእግረኛው መንገድ በአሸዋና በድንጋይ ክምር ከተዘጋ፣ ሰውየው ወደ መኪናው መንገድ ለመውረድ ይገደዳል። በዚያን ጊዜ ለልቡ ጤና የሚሄደው መንገድ ሕይወቱን የሚያሳጣው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በየከተማው ማዘጋጃ ቤት ሊፈጸሙ ከሚገባቸው ሥራዎች መካከል ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፤ የእግረኛ መንገድን ከግንባታ ዕቃና ከቆመ መኪና ነጻ ማድረግ፤ የቦዮችን ክዳን በጊዜ መተካት፤ በየፌርማታው አጠገብ የእግረኛ ማቋረጫ ቀለም መቀባትና ሾፌሮች እንዲያከብሩት ማድረግ፤ ማታ ለሚመለሱ፣ ይልቁንም ለሴቶችና ለተማሪዎች፣ የመንገድ መብራት ማቆም፤ ከክረምት ዝናብና ከበጋ ፀሐይ የሚያስጠልል መጠለያና ለደካሞች መቀመጫ ማዘጋጀት፤ በዊልቸር ለሚሄዱና ለዓይነ ስውራን ማለፊያ መተው ናቸው። ከነዚህ አብዛኞቹ ሐኪም ቤት ለመሥራት ከሚያስፈልገው ገንዘብ ጋራ ሲተያዩ ወጪያቸው ትንሽ ነው።

የነዋሪው ድርሻ

ነዋሪውም በበኩሉ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ቀኑን ተቀምጦ የሚውል ጤነኛ ሰው ከመውረጃው አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ የቀረውን በእግሩ ቢፈጽም፣ አጭሩን መንገድ በባጃጅ ከመሄድ ቢቆጠብ፣ ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር መቀመጫ ቢለቅ፣ ተራውንም ጠብቆ ቢሳፈር፣ ለራሱም ለሌላውም ጤና ያገለግላል። የልብ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ግን የሚሄድበትን መጠን ከሐኪሙ ጋራ ተመካክሮ መወሰን ይገባዋል። ነጋዴው በሱቁ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ በሸቀጥ ባይዘጋ፣ ቤት የሚሠራውም ሰው ድንጋዩን ከግቢው ውስጥ ቢያኖር፣ የማያውቀው መንገደኛ በደኅና ቤቱ ይገባለታል።

የሎንዶኑ ቲኬት ቆራጭ በየቀኑ የወጣው ደረጃ ለልቡ ጋሻ እንደሚሆንለት አያውቅም ነበር፤ ሥራውን ብቻ ይሠራ ነበር። የከተማ ነዋሪም ጤናውን በየዕለቱ ሳያስበው ሊያገኝ የሚችለው፣ በሩን ከፍቶ ሲወጣ እስከ ፌርማታው ያለ ሥጋት የሚራመድበት መንገድ ሲኖረው ነው። ይህንንም መንገድ ለሕዝቡ ማዘጋጀት የአስተዳደሩ፣ ተዘጋጅቶ ሲገኝ መጠበቅና መራመድ የነዋሪው ተግባር ነው።